ከመኪና ፋብሪካ እስከ ድረ ገጽ፤ የኢንጂነር ፒየር ቤዚዬ ኩርባ መስመር

በየማተሚያ ቤቱና በየማስታወቂያ ስራ ሱቁ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው አርማ፣ ባነርና የሰርግ ጥሪ ካርድ የሚነድፉ ወገኖቻችን የአንድ ፈረንሳዊ ስም ደጋግመው ይጠራሉ። ብዙዎቹ ግን የሚጠሩት የሰው ስም መሆኑን ልብ አይሉትም። ኮረል ድሮው በተባለው የንድፍ ፕሮግራም ውስጥ ኩርባ መስመር የሚሰመርበት አንዱ መሣሪያ ቤዚየር ይባላል። ሠራተኛው ይህን መስመር በቤዚየር አውጣው ሲባል እርሳስ ወይም ማስመሪያ አንሳ እንደተባለ ያህል ነው የሚሰማው። ከቃሉ ጀርባ ጦርነት ያየ፣ ተማርኮ የታሰረ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ 42 ዓመት ያገለገለ መሐንዲስ መኖሩ አይታወሰውም።

የእኔም እንጀራ ከፊደልና ከአርማ ንድፍ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢ ማካፈል ዕዳ ሆኖ ይሰማኛል። ስሙን ፈረንሳዮቹ ቤዚዬ ብለው ነው የሚጠሩት፤ እኛ እንደ ፊደሉ አንብበን ቤዚየር እንለዋለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የአገሩን አጠራር እከተላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሐንዲሶች ልጅ

ፒየር ኤቲየን ቤዚዬ መስከረም 1 ቀን 1910 በፓሪስ ተወለደ። አባቱም አያቱም መሐንዲሶች ነበሩ። ልጁም የቤቱን ሙያ ተከትሎ አር ኤ ሜቲዬ ከተባለው ዝነኛ የምህንድስና ትምህርት ቤት በ1930 በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። በዚህ ሳይወሰን በ1931 ከፓሪሱ የኤሌክትሪክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ይህ ሁለተኛው ዲግሪ ኋላ ላይ ትልቅ ስራ ሰርቶለታል። ማሽን የሚያውቅ ሰውና ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ለየብቻ በሚሰሩበት ዘመን እርሱ ሁለቱንም በአንድ ጭንቅላት ይዞ ነበርና።

በ1933 ሬኖ የመኪና ፋብሪካ ተቀጠረ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ባለ ሁለት ዲግሪው ወጣት ስራ የጀመረው ከወንበር ላይ አልነበረም። የመጀመሪያ ስራው የማሽን መሣሪያዎችን እየገጠሙ ማስተካከል ነበር። እጁ ዘይት እየነካ፣ ከሠራተኛው ጎን ቆሞ፣ ብረት እንዴት እንደሚቆረጥና እንደሚበሳ በዓይኑ ካየ በኋላ ነው ወደ መሣሪያ ንድፍ ክፍል የተዛወረው። የሕይወቱን ስራ ሳነብ ደጋግሞ የሚታየኝ ይህ አጀማመሩ ነው። ቤዚዬ እስከ መጨረሻው ድረስ ነገርን የሚመዝነው በወረቀት ላይ ሲያምር ሳይሆን ማሽኑ ላይ ሲሰራ አይቶ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እንደ ብዙ የአገሩ ልጆች ዘምቶ በጀርመኖች እጅ ወደቀ። በምርኮኞች ካምፕ ውስጥ ሳለ ግን አእምሮው አልታሰረም። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው የሚሰራባቸውን ትራንስፈር የተባሉ ማሽኖች አሳብ ያብላላው እዚያው ነበር። የእነዚህ ማሽኖች አሰራር እንዲህ ነው። ድሮ አንድ የሞተር ክፍል ለመስራት አንዱ ሠራተኛ ይበሳል፣ ሁለተኛው ይሞርዳል፣ ሦስተኛው ጥርስ ያወጣል፤ ዕቃውም ከማሽን ወደ ማሽን በሰው እጅ ይዞራል። በትራንስፈር ማሽን ግን ዕቃው ራሱ በሰልፍ እየተጓዘ በየጣቢያው ይቆማል። በየጣቢያው ያለው የማሽን ጭንቅላትም ድርሻውን ሰርቶ ለሚቀጥለው ያሳልፈዋል።

በ1945 ሬኖ ወደ መንግሥት ይዞታ ዞረ። ቤዚዬም በዚያው ዓመት የመሣሪያ ንድፍ ቢሮ ኃላፊ ሆነ። በ1948 የምርት ምህንድስና ኃላፊነት ተሰጥቶት፣ ካትር ሼቮ ለተባለችው ትንሿ መኪና አብዛኞቹን የሜካኒካል ክፍሎች የሚያመርቱትን የትራንስፈር ማሽኖች መስመር አዘጋጀ። ይህች መኪና በፈረንሳይ ታሪክ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሸጠች የመጀመሪያዋ መኪና ናት። ከጦርነት የወጣ ሕዝብ መኪና እንዲነዳ ካስቻሉት ሰዎች አንዱ ቤዚዬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1957 ደግሞ የፋብሪካው የማሽን መሣሪያዎች ክፍል ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ጥሩ ኑሮ የኖረ፣ በሙያው የተከበረ፣ ዛሬ ግን ስሙን ከፋብሪካው ሰዎች በቀር የማያነሳው መሐንዲስ ሆኖ ይቀር ነበር። ስሙን በእያንዳንዳችን ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባው ስራ የተጀመረው ዕድሜው ሃምሳ ሲሞላ ነው።

ስም የሌለው ቅርፅ

በ1950ዎቹ አንድ አዲስ የመኪና ቦዲ እንዴት ይወጣ እንደነበር ላስረዳ። መጀመሪያ ስታይሊስቱ በእርሳስና በቀለም ይስለዋል። ቀጥሎ በጭቃ ትንሽ ሞዴል ይሰራል። ከዚያ ነዳፊዎች በመኪናው ትክክለኛ መጠን በትልልቅ ሰሌዳ ላይ መስመር በመስመር ያወጡታል። ኩርባውን የሚያወጡት በሚታጠፍ ዘንግና ከእንጨት በተቆረጡ ጎባጣ ማስመሪያዎች ነበር። ከዚያም ከጀሶና ከእንጨት ሙሉ ሞዴል ይሰራል። በመጨረሻም ላሜራውን ተጭነው ቅርፅ የሚሰጡት ከባድ ብረቶች ከዚህ ሞዴል ይገለበጣሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። ነዳፊው ስታይሊስቱ የሳለውን በራሱ ዓይን ተርጉሞ ያወጣዋል። እንጨት ሠሪው ደግሞ ነዳፊው ያወጣውን በራሱ እጅ ተርጉሞ ይሰራዋል። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መጨረሻ ላይ ኮፈኑና ፓራፋንጎው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ጠብ ይነሳል። ንድፉ ነው ትክክል ወይስ ሞዴሉ? ዳኛ የሚሆን ነገር አልነበረም። ለዚህም ነው አዲስ መኪና ከሥዕል ወደ ምርት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጀው።

የቤዚዬ ጥያቄ ቀላል ነበር። የመኪናው ቅርፅ በቁጥር ቢጻፍስ? ቁጥር በእርጥበት አያብጥም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም አይለወጥም። ንድፍ ክፍሉ፣ የብረት ቅርፅ ማውጫ ክፍሉ፣ ከፋብሪካው ውጭ ያለው አቅራቢ ሁሉ አንድ ቁጥር ይዘው ቢሰሩ ጠቡ ይቀራል። በዚያን ጊዜ በቁጥር የሚታዘዙ መብሻና ሚሊንግ ማሽኖች ወጥተዋል፤ እርሱ ራሱም በሚመራው ክፍል አሰርቷል። ኮምፒዩተርም አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀጥ ያለን መስመር በሁለት ነጥብ መናገር ይቻላል። ክብንም በመሀል ነጥቡና በሬዲየሱ። የፓራፋንጎን ኩርባ ግን በምን ቁጥር እንናገረው? የጂኦሜትሪ መጽሐፍ ስም ያላወጣለት ቅርፅ ነው።

ሳጥን ውስጥ የገባ ኩርባ

ቤዚዬ በ1960 ምርምሩን ሲጀምር ከሒሳብ ሊቅ በኩል አልገባም፤ በመካኒክ ዓይን ነው የተነሳው። አንድ ባለ ስድስት ፊት ሳጥን አሰበ። በሳጥኑ ውስጥ የሁለት ሲሊንደር ሩብ ሩብ ክፍል ሲገናኙ አንድ መሠረታዊ ኩርባ ይወጣል። አሁን ኩርባውን መንካት አያስፈልግም፤ የሚጎተተው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑን ወደ ጎን ቢገፉት፣ ቢያረዝሙት፣ ቢያጣምሙት ውስጡ ያለው ኩርባ አብሮ ይታዘዛል። የኩርባው ባሕርይ በሳጥኑ ማዕዘኖች ቁጥር ተጻፈ ማለት ነው።

ይህ አሳብ እየዳበረ ሄዶ በፖሊኖሚያል ስሌት ተተካ፤ ኮምፒዩተር መደመርና ማባዛት ይወዳልና። ዛሬ በየስክሪናችን የምናየው መልኩ አራት ነጥብ ያለው ነው። ሁለቱ ነጥቦች ኩርባው የሚነሳባቸውና የሚያርፍባቸው ናቸው። ሁለቱ ደግሞ እጀታዎች ናቸው። ኩርባው ከመነሻው ሲወጣ ወደ መጀመሪያው እጀታ አቅጣጫ ይወጣል፤ ወደ መድረሻው ሲገባ ከሁለተኛው እጀታ በኩል እንደመጣ ሆኖ ይገባል። በመሀል ሁለቱም ይስቡታል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይነኩትም።

በቁጥር እንየው። ከላይ ወደ ታች በሚቆጠር ድረ ገጽ ላይ 100 በ100 የሆነ ሳጥን አለን እንበል። ኩርባው ከግራ ታችኛው ጥግ ይነሳል፤ ይኸውም ወደ ጎን 0፣ ወደ ታች 100 ነው። በቀኝ ታችኛው ጥግ፣ ማለትም 100 እና 100 ላይ ያርፋል። ሁለቱ እጀታዎች ላይኞቹ ጥጎች ላይ ናቸው፤ አንዱ 0 እና 0፣ ሌላው 100 እና 0። የኩርባውን ወገብ ለማግኘት አራቱን ነጥቦች በተራ የሚያገናኙትን ሦስት መስመሮች ከመሀላቸው እንከፍላለን። 0 እና 50፣ 50 እና 0፣ 100 እና 50 የሆኑ ሦስት ነጥቦች እናገኛለን። እነዚህን አገናኝተን እንደገና ከመሀል ስንከፍል 25 እና 25፣ 75 እና 25 የሆኑ ሁለት ነጥቦች ይቀሩናል። የእነዚህ መሀል 50 እና 25 ነው። ኩርባው የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። እጀታዎቹ እስከ ሳጥኑ ጣሪያ ቢስቡትም ኩርባው የከፍታውን ሦስት አራተኛ ብቻ ወጥቶ ይመለሳል። ከመሀል በመክፈል ፈንታ ከሩብ ወይም ከአንድ አሥረኛ እየከፈልን ብንሄድ የቀሩትን የኩርባ ነጥቦች ሁሉ እናገኛለን። ከማካፈልና ከመደመር በቀር ሌላ ዕውቀት አይጠይቅም።

የቤዚዬ ትልቅነት ለእኔ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ለራሱ ካስቀመጣቸው ግዴታዎች አንዱ መሣሪያው ከፍተኛ ሒሳብ ያልተማረ ነዳፊ የሚሰራበት እንዲሆን ነበር። ነዳፊው ቀመሩን አያየውም። ነጥብ ይጎትታል፣ ኩርባው ይከተለዋል፤ ካልጣመው መልሶ ይጎትታል። ዛሬ ሒሳብ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያልነካ ወጣት የንድፍ ሠራተኛ ያማረ አርማ ሰርቶ የሚያስረክበው ቤዚዬ ያኔ ስለ ነዳፊው በማሰቡ ነው።

ማን ይስማው?

አሳቡ በፋብሪካው ውስጥ በእልልታ አልተቀበሉትም። ቤዚዬ የማሽን ሰው ነው፤ የቦዲ ንድፍ የእርሱ ክፍል አልነበረም። በሰው እርሻ ገባ ያሉት ነበሩ። ነገሩ እውነት የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ አሜሪካኖቹ ቀድመው ይሰሩት ነበር በሚል የተመለሰበትም ጊዜ አለ። ይህች አነጋገር ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለችም። አንድ የአገር ልጅ አዲስ ነገር ሲያመጣ ፈረንጅ መች አጣው የሚል ሰው አይጠፋም። ፈረንጁም በራሱ አገር እንዲህ ይባል እንደነበር ማወቅ ትንሽ ያጽናናል።

እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በሚያዝባቸው ጥቂት ሰዎችና መሣሪያዎች ስርዓቱን ገነባ። ስሙንም ዩኒሰርፍ አለው። ነዳፊው የሰጠውን ቁጥር ትልቅ የመሳያ ማሽን በትክክለኛ መጠን ይስለዋል፤ ሚሊንግ ማሽን ደግሞ ለስላሳ ነገር ፈልፍሎ ሞዴሉን ያወጣዋል። ስታይሊስቱ ዞሮ አይቶ ካልወደደው ቁጥሩ ተስተካክሎ እንደገና ይወጣል። ዩኒሰርፍ በ1968 ስራ ጀመረ፤ በ1975 ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ ዋለ። በዚያው በ1975 ቤዚዬ ጡረታ ወጣ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀልደኛም ነበር። የኩርባውን ቀመር መጀመሪያ ሲያቀርብ የራሱ ነው ብሎ አልተነሳም፤ ኦኔዚም ዱራን የተባለ ፕሮፌሰር ያገኘው ነው አለ። እንዲህ የሚባል ፕሮፌሰር በምድር ላይ አልነበረም። ከአንድ የፋብሪካ መሐንዲስ ይልቅ የአንድ ፕሮፌሰር ስም ሳይሰማ እንደማይቀር ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በዝግ ቤት የቀረው ሊቅ

የቤዚዬን ታሪክ አንስቶ ፖል ደ ካስቴልዦን አለማንሳት ግፍ ነው። ይህ ወጣት የሒሳብ ሰው በ1958 በሌላው የፈረንሳይ መኪና ፋብሪካ በሲትሮየን ተቀጠረ። የተሰጠውም ስራ ያው የቦዲ ኩርባ ችግር ነበር። በ1959 መፍትሔውን በጽሑፍ አስቀመጠ። ከላይ መሀል ለመሀል እየከፈልን የሰራነው አካሄድ በእውነቱ የእርሱ ነው፤ ዛሬም በስሙ የደ ካስቴልዦ ስልት ይባላል። እንግዲህ በዓመት ከተቆጠረ ከቤዚዬ ቀድሟል።

ታዲያ ኩርባው ለምን በእርሱ ስም አልተጠራም? ሲትሮየን ነገሩን የፋብሪካ ምስጢር አድርጎ ስለያዘው ነው። በ1959 እና በ1963 የጻፋቸው ሰነዶች ከግቢው አልወጡም። ቤዚዬ ግን በ1966 በፈረንሳይኛ መጽሔት ላይ ስራውን ማሳተም ጀመረ። በ1970 በቁጥር ስለሚታዘዙ ማሽኖች መጽሐፍ አወጣ፤ በ1972ም በእንግሊዝኛ ታተመ። እንግሊዛዊው ሮቢን ፎረስት ደግሞ በዚያው በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ የቤዚዬ ቀመር ሰርጌ በርንሽታይን የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1912 ለሌላ ጉዳይ ካወጣቸው ፖሊኖሚያሎች ጋር አንድ መሆኑን አሳየ። ዛሬ የምናውቀው በነጥብ የሚነገረው አቀራረብም የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ዓለም የቤዚዬ ኩርባ ብሎ የጠራው በዚህ ምክንያት ነው። የሲትሮየን ሰነዶች በ1975 አካባቢ ቮልፍጋንግ ቦም በተባለ ጀርመናዊ ምሁር ዓይን ሲገቡ ስሙ ቀድሞ ተለጥፎ ነበር።

አንዱ ከሌላው አልሰረቀም። ሁለቱም ለየብቻ፣ በአንድ አገር፣ ለአንድ ችግር ተመሳሳይ መልስ አገኙ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ስለ ማተም ነው። ሲትሮየን ምስጢሩን በመጠበቁ ለጥቂት ዓመታት ተጠቅሞ ይሆናል። ነገር ግን የሠራተኛው ስም ለብዙ ዓመታት ተሸፈነ። ሬኖ ደግሞ መሐንዲሱ እንዲያሳትም በመፍቀዱ ከመኪና ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ሰዎች ሁሉ የስራው ወራሾች ሆኑ። ዕውቀትን ቆልፎ መያዝ ሙያ የሚመስላቸው መሥሪያ ቤቶቻችን ይህን ታሪክ ቢያነቡት እወዳለሁ።

ከላሜራ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ስክሪን

ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ በ1982 አዶቤ የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በ1984 ፖስትስክሪፕት የተባለ፣ ገጽን ለማተሚያ ማሽን የሚገልጽ ቋንቋ አወጡ። በዚህ ቋንቋ ውስጥ የፊደሉም የሥዕሉም ኩርባ ሁሉ የሚጻፈው በቤዚዬ አራት ነጥቦች ነው። በ1985 የአፕል ሌዘር ፕሪንተር ይህን ቋንቋ ይዞ ወጣ። በ1987 ኢሉስትሬተር፣ በ1989 ኮረል ድሮው ተከተሉ። ለመኪና ፓራፋንጎ የተፈጠረው ዘዴ እንዲህ ሆኖ የጋዜጣና የመጽሐፍ ሁሉ ዘዴ ሆነ።

ቀጥሎ ድረ ገጽ መጣ። በድረ ገጽ ላይ ሥዕል በሁለት መንገድ ይቀርባል። አንደኛው በፒክስል ነው። እንደ ሙካሽ ስፌት ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ተደርድረው ሥዕሉን ይሰጣሉ፤ ሲያጎሉት ግን ጠርዙ ይሸራረፋል። ሁለተኛው በቬክተር ነው። እዚህ የሚቀመጠው ሥዕሉ ሳይሆን አሳሳሉ ነው፤ ከዚህ ተነሳ፣ በዚህ በኩል ታጠፍ፣ እዚያ እረፍ የሚል ትእዛዝ። ቢያጎሉት አራቱ ነጥቦች ይራራቃሉ፣ ኩርባውም እንደ አዲስ ይሰላል። የጠራ ጠርዝ እንደያዘ ከቢዝነስ ካርድ እስከ ሕንጻ ላይ ሰሌዳ ይደርሳል።

ለድረ ገጽ የሚሆን የቬክተር ቋንቋ ለማውጣት በ1998 የተፎካካሪ ኩባንያዎች ረቂቆች ቀረቡ። የድረ ገጽ ደንብ አውጪው ድርጅት ደብልዩ ስሪ ሲ አንድ የጋራ ቋንቋ አዘጋጅቶ መስከረም 4 ቀን 2001 አጸደቀ። ስሙ ኤስቪጂ ነው። ጽሑፍ ማንበብ ለሚችል ሰው የተከፈተ ቋንቋ ነው፤ ማንም በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ሊጽፈው ይችላል። ኤም የምትለዋ ፊደል ብዕሩን አንስታ መነሻው ላይ ታስቀምጣለች። ኤል ቀጥ ያለ መስመር ትስላለች። ሲ የቤዚዬ ናት፤ ከእርሷ ቀጥሎ የሁለቱ እጀታዎችና የመድረሻው ቁጥሮች ይሰፍራሉ። ኪው አንድ እጀታ ብቻ ያለውን ቀለል ያለ ኩርባ ትስላለች። ኤስ የቀድሞውን እጀታ እንደ መስታወት ገልብጣ ኩርባውን ሳይሰበር ታስቀጥለዋለች። ዜድ ደግሞ ቅርፁን ትዘጋለች። ከላይ የሰራነውን ምሳሌ በዚህ ቋንቋ ለመጻፍ ሁለት ፊደልና ስምንት ቁጥር ይበቃል። በአሳሽ ፕሮግራሞች ዘንድ ተቀባይነቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ የማይክሮሶፍቱ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተቀበለው በ2011 በዘጠነኛ እትሙ ነው።

ይህ ዘዴ የማይችለው ነገርም አለ፤ ያለ አድልዎ መናገር ይገባኛል። የቤዚዬ ኩርባ ፍጹም ክብ መሳል አይችልም። ነዳፊዎች ክብን በአራት ኩርባ ይከፍሉና እጀታዎቹን የሬዲየሱን 0.5523 ያህል ያረዝማሉ። ከእውነተኛው ክብ የሚለየው ቢበዛ ከመቶ 0.027 ያህል ነው፤ ሬዲየሱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ልዩነት ማለት ነው። ዓይን አያየውም። ቢሆንም ኤስቪጂ ለክብና ለቅስት የየራሳቸውን ትእዛዝ አበጅቷል።

ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ቅርብ ነው። ይህን ጽሑፍ በስክሪን ላይ የሚያነብ ሰው ፊደሎቹን እስቲ አጉልቶ ይመልከታቸው። የዐ ክብነት፣ የመ ሁለት ጉንጮች፣ የሸ አናት፣ የጰ መጠማዘዝ በፎንቱ ውስጥ የተቀመጡት በነጥብና በእጀታ ነው። ድሮ በመቃ ብዕር ብራና ላይ የሚጥል ጸሐፊ በአንጓው ያወጣው የነበረውን መታጠፍ ዛሬ የፎንት ነዳፊው በእጀታ ያወጣዋል። እጀታው ጥቂት ቢረዝም ፊደሉ ያብጣል፤ ቢያጥር ማዕዘን ያወጣል። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ላለን ለእኛ ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ስራ ነው። በነገራችን ላይ የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ቤዚዬ ያረፈውም በዚያው ዓመት ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ቤዚዬ ጡረታ ወጥቶ አልተቀመጠም። ከ1968 እስከ 1979 በፓሪሱ ብሔራዊ የኪነ ጥበባትና ሙያ ተቋም የምርት ምህንድስና ፕሮፌሰር ሆኖ አስተምሯል። ከፋብሪካው በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1977፣ ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ። ስሙ ቀድሞ በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ሳለ ከልጆች ጋር ለዲግሪ የተሰለፈ ሽማግሌ ነው። በ1985 በኮምፒዩተር ግራፊክስ ዓለም ትልቁ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የስቲቨን ኩንስ ሽልማት ተሰጠው። ኅዳር 25 ቀን 1999 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። የኤስቪጂ የመጀመሪያው ረቂቅ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ወጥቶ ነበር፤ ቋንቋው ጸድቆ በድረ ገጽ ሲሰራበት ግን አላየም።

በ2007 የጠጣር ቅርፅ ሞዴሊንግ ባለሙያዎች ማኅበር በስሙ ሽልማት አቋቋመ። በ2012 ይህን የቤዚዬን ሽልማት የተቀበለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፖል ደ ካስቴልዦ። በዝግ ቤት ቀርቶ የነበረው ሊቅ በሰማንያዎቹ ዕድሜው፣ ስሙን በተካው ሰው ስም የተሰየመውን ክብር ወሰደ። እርሱም በ2022 አረፈ። ፍርድ ዘግይቶም ቢሆን መጣ እላለሁ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአበው አነጋገር ብዙውን ጊዜ ለጀግናና ለንጉሥ ይነገራል። ለአንድ የመኪና ፋብሪካ መሐንዲስም ሊነገር እንደሚችል የቤዚዬ ሕይወት ምስክር ነው። ሐውልቱ ከድንጋይ አልቆመም። በስልካችን ላይ ባለው ምልክት፣ በምናነበው ፊደል፣ በካርታው ላይ በሚጠማዘዘው መንገድ ውስጥ ነው ያለው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በየሱቁ ያላችሁ የንድፍ ባለሙያዎች መስመሩን በቤዚየር አውጣው ስትባባሉ፣ የምትጠሩት ዘይት ከነካ እጅ የተነሳ፣ ዕውቀቱን ያልደበቀ አንድ አዛውንት መሆኑን አስታውሱልኝ።